ብርድ እንጂ ፍቅር አታውቁም ላላችሁን

ደብረ ብርሃን ላይ ወደ አንኮበር የሚሄደው መኪና እስኪሞላ ቁጭ ብዬ አነብ ነበር። ወሩ ታኅሣሥ ነው። ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ እንደሆነ አልተነሣም፤ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ገጽ የምገልጥባቸውን ሁለት ጣቶች ብቻ አውጥቻለሁ። ከጎኔ የተቀመጠ፣ ከአዲስ አበባ ለጉብኝት የመጣ ጎልማሳ ጎንበስ ብሎ ሽፋኑን አየና፣

«በዚህ ብርድ የፍቅር መጽሐፍ? እናንተ የሰሜን ሸዋ ሰዎች ብርድ እንጂ ፍቅር መች ታውቃላችሁ!» አለኝ።

«ብርድ የማያውቅ ሰው ምን ብሎ ሰው አቅፎ ይተኛል?» አልኩት።

መኪናው ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። እኔ ግን አልጨረስኩም ነበር። «ለመሆኑ ሮሜዎና ዡልየትን አማርኛ ያናገራቸው የማን አገር ሰው ይመስልሃል?» ብዬ ጠየቅሁት። ዝም አለ። ከበደ ሚካኤል ናቸው፤ በ1909 ዓ.ም. መንዝ ውስጥ፣ ገርም ገብርኤል የተወለዱ። ሼክስፒር ለእንግሊዞች የጻፈውን የቬሮናን ልጆች ጉዳይ በ1946 ዓ.ም. በአማርኛ ግጥም አውጥተው ሰጡን። መንዝ የተወለደ ሰው ለዚያ ሥራ ማንም አስጎብኚ አያስፈልገውም ነበር። ሁለት ቤት ተቃቅሮ፣ አባት የጀመረውን ቂም ልጅ ወርሶት፣ በመካከል የሚፋቀሩ ሲገኙ ምን እንደሚደርስ የእኛ አገር ሽማግሌ ከሼክስፒር ሳይጠይቅ ይነግርሃል። ደም መመለስ፣ ዕርቅ፣ ሽምግልና የሚሉት ቃላት እዚህ ከመጽሐፍ የተማርናቸው አይደሉም። ተውኔት እንጂ ልብወለድ አይደለም የሚለኝ ካለ ልክ ነው፤ እኔ ግን ማታ ማታ፣ ምድጃ ዳር፣ እንደ ልብወለድ ነው የጨረስኩት፤ ከዓመቱ ንባቤም መጀመሪያ የማነሣው እሱን ነው።

ከመስከረም እስከ ጳጉሜ አሥራ ዘጠኝ መጻሕፍት አንብቤያለሁ፤ አብዛኞቹ የፍቅር ናቸው። ያልተረበኝ የለም። ጎረቤት ተረበኝ፣ ዘመድ ተረበኝ፣ ቡና ላይ የተቀመጠ ሁሉ ተረበኝ። የተወረወረብኝን ሁሉ በመጽሐፍ ስለመለስኩ፣ ዛሬ የወደድኳቸውን የምነግራችሁ ከነተረቡ ነው።

የመጀመሪያው የአጎቴ ነው። አጎቴ ገብስ አጭዶ፣ በግ ጠብቆ ያደገ፣ ከንጋት በፊት ተነሥቶ ከመሸ በኋላ የሚቀመጥ ሰው ነው። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጽሐፍ ይዤ ሲያገኘኝ «ልጄ፣ ይህን እኮ ሥራ የፈታ ነው የሚያነበው» አለኝ።

«ጋሼ፣ ያነበበው ሥራ ፈት ከተባለ የጻፉትን ምን ሊሏቸው ነው?» አልኩት። «ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። ሐዲስ ዓለማየሁ አምባሳደርም ሚኒስትርም ሆነዋል። መኮንን እንዳልካቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። እርስዎ ከእነሱ የበለጠ ሥራ አለብዎት?»

አጎቴ ዱላውን መሬት ላይ ተከለና ትንሽ አሰበ። «ሚኒስትር ሆነው ስለ ፍቅር የሚጽፉት ምን ቸግሯቸው ነው?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሳነብ የከረምኩትም ለዚህ ጥያቄ መልስ እየፈለግሁ ነው ማለት እችላለሁ።

መልሱን ያገኘሁት ከራሳችን ሰው ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1870 ዓ.ም. መርሐቤቴ የተወለዱ የሰሜን ሸዋ ልጅ ናቸው። «ወዳጄ ልቤ»ን እና «አዲስ ዓለም»ን ብዙ ሰው ያነሣል። እኔ የምላችሁ ግን በ1923 ዓ.ም. ያወጡትን «የልብ አሳብ»ን አንብቡ ነው፤ የብርሃኔና የጽዮን ሞገሳ ጋብቻ የሚለውን። መጽሐፉ ልጅን በልጅነት መዳርን ይሞግታል። ልብ በሉ፣ ይህ የተጻፈው ሴት ልጅ ጡት ሳታወጣ ቃል በሚታሰርባት ዘመን ነው። ንጉሥ ፊት የሚቆሙ፣ የአገርን ጉዳይ ከፈረንጅ ጋር የሚነጋገሩ ሰው ቁጭ ብለው ስለ ሁለት ልጆች ጋብቻ ጻፉ። የቸገራቸው ይህ ነው ጋሼ። አገር የሚጀምረው ማን ማንን እንደሚያገባ፣ ማንስ እንደሚወስን ከሚቆረጥበት ከዚያ ጓዳ መሆኑን አይተዋል። ኅሩይ በጠላት ወረራ ተሰድደው በ1931 ዓ.ም. መጀመሪያ እንግሊዝ አገር አረፉ፤ የጻፉት ግን እዚህ አለ፤ ቋንቋው ትንሽ የጥንት ነው፣ አንዴ ከተለማመዱት እንደ አያት ወሬ ይፈስሳል።

የአማርኛ የፍቅር ልብወለድ ሁሉ፣ እኔ እንዳየሁት፣ አንድ ክርክር ነው ያለው። ፈረንጁ ብዙ ጊዜ «ትወደዋለች ወይስ አትወደውም?» ብሎ ይጠይቃል። የእኛ ደራሲ ይህን ገና በሁለተኛው ምዕራፍ ይጨርሰውና፣ «ትወደዋለች፤ ታዲያ ማን ፈቀደላት?» ይላል። ቀሪው መቶ ገጽ አባት ነው፣ ዘር ቆጠራ ነው፣ ስለት ነው፣ ርስት ነው፣ ሽማግሌ ነው፣ ኋላ ደግሞ ፓርቲና ዘመቻ ነው። ስለዚህ የፍቅር መጽሐፍ አነባለሁ ስል ዳኝነት እየሰማሁ ነው።

ሁለተኛውን ተረብ ያመጣው አንድ የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሱ አባት ናቸው። «ልብወለድ ማለት ከልብ የተወለደ ውሸት ማለት ነው» አሉኝ። ስሙ ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ ነው እንዲህ የከሰሰን፤ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሮም ላይ ያሳተሙት የመጀመሪያው የአማርኛ ልብወለድ ርእሱ ራሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፤ ኋላ «ጦቢያ» ብለን ብናውቀውም።

«አባ፣ ውሸት ከሆነ የደርግ ሰዎች ኦሮማይን ለምን ከየመደብሩ ለቀሙት?» አልኳቸው። «ውሸትን ማን ይፈራል? ውሸት ቢሆን ስቀው ይተዉት ነበር።»

«ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጣ። በዓሉ ግርማ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ሆኖ፣ አስመራ ላይ የቀይ ኮከብ ዘመቻን ከውስጥ ካየ በኋላ የጻፈው ነው። ብዙ ሰው የፖለቲካ መጽሐፍ ብቻ አድርጎ ያወራዋል። እኔ እንደ ፍቅር መጽሐፍ አንብቡት እላለሁ፤ ያኔ ነው የሚያመው። ጋዜጠኛው ፀጋዬ አዲስ አበባ ላይ እጮኛ አለችው፣ ሮማን። አስመራ ላይ ደግሞ ፊያሜታን ያገኛል። አንባቢ ሁሉ ከፊያሜታ ጋር አብሮ ይከንፋል፤ እኔም ከንፌያለሁ። ዘንድሮ ለሦስተኛ ጊዜ ሳነበው ግን ዓይኔ ያረፈው ሮማን ላይ ነው፣ ስልክ የምትጠብቀዋ ላይ። እንዲያውም ሴቶች፣ ሽማግሌ የሚልክባችሁ ሰው ካለ መጀመሪያ ኦሮማይን አውሱትና ሲመልስ ለማን እንዳዘነ ጠይቁት። ስለ ሮማን አንድ ቃል ካልተናገረ ሽማግሌዎቹን ቡና አጠጥታችሁ ሸኙ። በዓሉ መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ፣ የካቲት 1976 ዓ.ም.፣ ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መጽሐፉ ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በ2017 ዓ.ም. ዓለም ማንበብ ጀመረ። አባ ይህን ሰምተው ረጅም ጊዜ ዝም አሉና «እንግዲህ ውሸት አይደለም» አሉኝ። መጽሐፉን ወስደዋል፤ ገና አልመለሱም፤ አልጠይቃቸውምም።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ መጽሐፍ አለ፣ ያለ እሱ ዓመቴ ጎዶሎ ይሆን ነበር። «ነገም ሌላ ቀን ነው» ይባላል፤ አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሚቸል በ1936 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ያወጣችው ትልቅ የፍቅርና የጦርነት ልብወለድ ነው። ወደ አማርኛ የመለሰው ነቢይ መኮንን ነው፤ የመለሰውም በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ነው። ወረቀት የለም። የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለችውን ብልጭልጭ ልባስ እየገለጠ፣ ጀርባዋ ላይ በደቃቅ ጽሕፈት ይጽፋል። የተጻፈችውን ቁራጭ መልሰው ፓኮ ውስጥ ያስገቡና በሚፈቱ እስረኞች በኩል ትወጣለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት ሺህ ያህል ቁራጭ ሆነ። ከእስር ሲወጣ በየሰዉ ቤት የተበተነችውን እየለቀመ ሰበሰባት።

አንድ ቀን ከባጃጅ ሹፌር ባዶ ፓኮ ለምኜ ያችን ልባስ አውጥቼ ዘርግቻት ነበር። መዳፌን አትሞላም። አንዱ ፊቷ ያንሸራትታል፤ በሌላው ፊቷ ላይ ቀጭን አድርጌ ስጽፍ አሥር መስመር እንኳ ሳልደርስ አለቀች። ከዚያ በኋላ መጽሐፉን እንደገና ስከፍት ስካርሌት ኦሃራ በየገጹ ስትቅበጠበጥ፣ ሬት በትለር ሲስቅባት፣ ከጀርባቸው ያች ቁራጭ ወረቀት ትታየኛለች። ሞት ደጁ ላይ ቆሞ ሳለ ሰው የሌላ አገር ሴት ልጅ ማንን እንደምትወድ ለማወቅ እንዲህ ከደከመ፣ የፍቅር መጽሐፍ ለቅንጦት ነው የሚለኝን ሰው አልሰማውም። እስረኞቹ እኮ ተራ ገብተው ነው ሲተረክላቸው የሚሰሙት፤ ነገ ምን ትሆን ይሆን እያሉ ለነገ የሚያድሩት።

ከቤታችን ሳንርቅ ደግሞ ወደ ደብረ ሲና እንውረድ። ጣርማበርን አልፎ ዋሻውን የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ ከኋላው ውርጭ፣ ከፊቱ ጉም፣ ከጉሙ ሥር የይፋት ቆላ። ዳኛቸው ወርቁ የተወለደው እዚያ ነው፣ በ1928 ዓ.ም.። «አደፍርስ» በ1962 ዓ.ም. ሲታተም መቼቱን ያደረገውም እዚያው አካባቢ ነው። «አስቸጋሪ መጽሐፍ ነው፣ አይገባም» ይሉኛል። «ቶሎ የሚገባ ነገር ቶሎ ይወጣል» እላቸዋለሁ። አደፍርስ የተማረ ወጣት ነው፤ የረጋውን ሁሉ ማማሰል ይወዳል፤ ስሙም ያው ነው፣ የጠላ አተላ ከሥሩ እንደሚያስነሣ። ባለርስቷ ወይዘሮ አሰጋሽ ደግሞ ነገር ረግቶ እንዲቀመጥ የሚፈልጉ ሰው ናቸው። መጽሐፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ንግግር ነው ማለት ይቻላል፤ የሸዋ ሰው ክርክር፣ የሸዋ ሰው ግዝት፣ የሸዋ ሰው ቅኔ። ልብ የሚሰቅል የፍቅር ታሪክ ፈልጎ የከፈተው ቅር ይለዋል፤ አልዋሽም። ግን ፍቅር በእኛ አገር ለምን ቀጥ ብሎ መናገር እንደማይችል፣ ለምን በሰምና ወርቅ ተሸፍኖ፣ በእናት ዓይን ተጠብቆ፣ በንስሐ አባት ተመክሮ እንደሚያልፍ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ መጽሐፍ አላነበብኩም። ምክሬ፣ ለብቻችሁ አታንብቡት። ሁለት ሦስት ሆናችሁ፣ ቃሉን እየተቀባበላችሁ፣ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። የአገራችሁን ሽማግሌ ድምፅ ትሰሙበታላችሁ።

የዩኒቨርሲቲ ልጆች ደግሞ «እትዬ፣ የእናንተ ዘመን መጽሐፍ ለእኛ ምን ይሆናል?» ይሉኛል። ለእናንተማ ሲሳይ ንጉሡ «ሰመመን»ን ጽፎላችኋል፤ የካምፓስ ፍቅር ነው፤ ስልክ ኪስ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሰው እንዴት ይናፈቅ እንደነበር ታዩበታላችሁ። ከአገራችሁ ወጣ ማለት ካማራችሁ የፍቅረ ማርቆስ ደስታ «ከቡስካ በስተጀርባ» ሐመር ድረስ ይወስዳችኋል። አገራችሁ ልግባ ካላችሁ የዓለማየሁ ዋሴ «እመጓ» መንዝ ያስገባችኋል፤ እሱ ከፍቅር ይልቅ የምስጢር መጽሐፍ ነው፤ ግን ደራሲው ደን የሚያጠና ሰው ስለሆነ ስለ ዛፍ ሲጽፍ ፍቅር የያዘው ይመስላል። የአዳም ረታን «ግራጫ ቃጭሎች» ሁለት ጊዜ ጀምሬ ትቼው ነበር፤ በሦስተኛው ያዘኝ፤ ለሌላ ቀን ይቆየኝ።

ወደዚያ መኪና ልመለስ። አንኮበር ስንደርስ እንግዳው ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ አብረን እንውጣ አለኝ። የእነ ሣህለ ሥላሴ፣ የምኒልክም መቀመጫ የነበረው ቦታ ነው። ከላይ ሲቆሙ የአፋር ቆላ ከሥር ተዘርግቶ ይታያል፤ ነፋሱ ጋቢ ያስጥላል። «እዚህ ንጉሥ እንጂ የፍቅር ሰው አልወጣም» ብሎ ደገመኝ፤ ተረቡ አልበቃውም።

«ወጥቷል» አልኩት። «አርተር ረምቦ የሚባለው የፈረንሳይ ገጣሚ በ1879 ዓ.ም. ጠመንጃ ጭኖ ምኒልክን ፍለጋ እዚህ ድረስ መጥቷል። ምኒልክ ወደ እንጦጦ ተሻግረው ነበርና አጣቸው፤ ተከትሎ ሄደ። ግጥሙን ግን ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ጥሎት ነበር።»

«እና ምን ይሆናል?»

«እናማ ገጣሚው አንኮበርን አይቶ አልጻፈላትም። እኛ ነን መጻፍ ያለብን» አልኩት። የአንኮበርን ፍቅር፣ የዚያን ኮረብታ ሴቶች ነገር የጻፈ ልብወለድ ማንበብ እፈልጋለሁ። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ የሚጽፍ ሰው ካለ የመጀመሪያዋ ገዥ እኔ ነኝ።

መጨረሻ ያስቀረሁት ሁሉም የሚያውቀውን የሐዲስ ዓለማየሁን መጽሐፍ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብርን ያላነበበ ማን አለ፣ ምን ብለሽ ትመክሪናለሽ?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። «አንብበኸዋል ወይስ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነብልህ ሰምተኸዋል?» ስላቸው ግማሾቹ ወደ ሬዲዮው ይሸሻሉ። መስማቱም ደግ ነው፤ የወጋየሁ ድምፅ ለአንድ ትውልድ መጽሐፉን ራሱን ሆኗል። እኔም መጀመሪያ ያገኘሁትን ቅጂ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ መምህር ከጭኔ ላይ ወስዶብኝ፣ በዛብህን መንገድ ላይ እንደተውኩት ዓመታት አልፈዋል። ዘንድሮ ግን በሌላ መንገድ ነው የጨረስኩት።

ጎረቤቴ እማማ ማንበብ አይችሉም። በአሥራ ሁለት ዓመታቸው የተዳሩ ናቸው። በክረምቱ፣ መብራት በጠፋባቸው ማታዎች፣ ቤታቸው እየሄድኩ በኩራዝ አነብላቸው ጀመር። እሳቸው ጥጥ ይፈትላሉ። እንዝርቱ ጭናቸው ላይ ሸተት ይልና ይሾራል፣ ክሩ ይረዝማል፣ ይጠቀለላል፣ እንደገና ይሾራል። መጀመሪያ እኔን አክባሪ ሆነው ነው የሰሙት፤ ቡናውም እንዳይበርድ ያቻኩሉኝ ነበር። «ደግሞ ይቺን መጽሐፍ ይዘሽ መጣሽ? መጽሐፍ እኮ ባል አይሆንሽም» አሉኝ በሁለተኛው ማታ።

«ባልም መጽሐፍ አይሆነኝም እማማ፤ ሁለቱም ይምጡ፤ ቀድሞ የደረሰው ይሄ ነው» አልኳቸው። ስቀው ቦታ ለቀቁልኝ።

ቦጋለና ውድነሽ ልጅ እየሞተባቸው በዛብህን ለስለት ሲሰጡት ራሳቸውን ነቀነቁ። ጉዱ ካሳ ሲናገር «ይሄ ሰውዬ እውነቱን ነው፣ ግን አፉን አይችልም» አሉ። ፊታውራሪ መሸሻ የመጣውን ጠያቂ ሁሉ ዘሩ አነሰ፣ አጥንቱ ቀለለ እያሉ ሲመልሱ፣ ሰብለ ወንጌል ዕድሜዋ በቤት ሲያልቅ፣ እንዝርቱ ዝግ አለ። ፊደል ያስቆጥራት ተብሎ የገባው ድሃ ተማሪና እሷ ፊት ለፊት የተያዩበት ገጽ ላይ ስንደርስ ጨርሶ ቆመ። ክሩ በእጃቸው እንደተወጠረ ነው። ኩራዙ ይንጫጫል፤ ውጭ ዝናብ ነው።

ፊታውራሪን የሚረግሙ መስሎኝ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን፣

«አባቷንስ ተዪው» አሉኝ። «እናቷ ምን አለች?»

አፌን ከፈትኩ፤ መልስ አልመጣልኝም። ለአጎቴ፣ ለአባ፣ ለአዲስ አበባው እንግዳ፣ ለሁሉም ከአፌ ያልጠፋው መልስ ለእሳቸው ጠፋኝ። መጽሐፉን ስንት ጊዜ ሰዎች ሲያወሩት ሰምቻለሁ፤ ስለ ፊታውራሪ ተከራክሬያለሁ፣ ስለ ጉዱ ካሳ ተሟግቻለሁ፤ ስለ ወይዘሮ ጥሩአይነት ግን አንድ ቀን እንኳ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም።

«ልየውና ነገ ልንገርዎት» አልኳቸው።

እንዝርቱን አነሡ። እኔ ቤቴ ገብቼ ጋቢዬን ተከናንቤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ፣ ጥሩአይነት አፍ የከፈተችበትን ቦታ ሁሉ በእርሳስ እያሰመርኩ።